ጨቅላ ልጅ ለምን ቶሎ ይበርደዋል? በትንሽ ወጪስ እንዴት ይሞቃል?

ብርድ የደጋ ሰው ጣጣ ይመስለናል። ደብረ ብርሃን የተወለደ ልጅ በረደው ቢሉን እናምናለን። ሰመራ ላይ፣ እናቱ በላብ ተጠምቃ ሳለ፣ አጠገቧ የተኛው የአንድ ሰዓት ልጅ በብርድ እየተጎዳ ነው ቢሉን ግን ማናችንም ቶሎ አናምንም። ይሆናል ግን።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታሎች የጨቅላ ህፃናት ክፍል የተኙ ልጆችን ሙቀት ለካ። ከ100ው 64ቱ ከሚገባው በታች ቀዝቅዘው ተገኙ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሆስፒታል የደረሱት ናቸው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሲሰበሰቡም ሆስፒታል ከተወለዱት ውስጥ ከ32 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ይቀዘቅዛሉ፤ ሞቃት አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። ስለዚህ ነገሩ የአየሩ ብቻ አይደለም። የልጁ ሰውነት አሠራር አለበት፣ በተለይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እኛ የምናደርገው አለበት።

በረደው የሚባለው ስንት ዲግሪ ላይ ነው?

ጤናማ ጨቅላ በብብቱ ሲለካ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ36.5 ሲወርድ ሃኪሞች ሃይፖሰርሚያ ይሉታል፤ በቀላሉ፣ የሰውነት ሙቀት ከሚገባው በታች መውረድ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሦስት ይከፍለዋል። ከ36.0 እስከ 36.4 መጠነኛ፣ ከ32.0 እስከ 35.9 መካከለኛ፣ ከ32 በታች ከባድ።

«መካከለኛ» የሚለው ቃል ግን እንዳያዘናጋችሁ። ኔፓል፣ ሳርላሂ በሚባል ወረዳ ከ23,000 በላይ ጨቅላዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ መጀመሪያ ሲለካ የተገኘው ሙቀት በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በ80 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ ዲግሪ! እኛ ሹራብ ደርበን የምንረሳው ልዩነት ነው።

እኛ ሳይበርደን እሱን ለምን ይበርደዋል?

ቡና ሲፈላ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሲኒ ላይ የተቀዳው ቡና ጀበና ውስጥ ከቀረው በጣም ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ከአንድ እሳት የወረዱ ናቸው። ልዩነቱ ሲኒው ትንሽ መሆኑ ነው፤ ትንሽ ነገር ከያዘው ሙቀት አንፃር ለአየር የሚጋለጠው ገፅታው ብዙ ነው። ጨቅላ ልጅ ሲኒው ነው፣ እኛ ጀበናው ነን። ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ኪሎ ተኩል ልጅ ደግሞ ከሲኒም ያነሰ ሲኒ ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ከቆዳው ስር ሙቀት የሚይዝለት ስብም በጣም ትንሽ ነው።

በዚያ ላይ አይንቀጠቀጥም። እኛ ሲበርደን ጥርሳችን ይንገጫገጫል፣ ሰውነታችን ይርገፈገፋል፤ ያ መርገፍገፍ ራሱ ሙቀት ነው። ጨቅላ ይህን አይችልም። በምትኩ ቡናማ ስብ የሚባል ልዩ ስብ አለው፣ በትከሻው አጥንቶች መሃል፣ በአንገቱና በኩላሊቱ ዙሪያ። ይህን ስብ እንደ ማገዶ ያነደዋል። ችግሩ ስቡ የሚከማቸው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት መሆኑ ነው። ቀድሞ የተወለደ ልጅ ማገዶው ሳይሰበሰብለት ነው የመጣው።

ማገዶ ሲነድ ደግሞ አየር ይፈልጋል። ሰውነቱን ለማሞቅ የሚታገል ልጅ ኦክስጅን በብዛት ይበላል፣ ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳርም ይጨርሳል። ሳንባው ገና ካልጠነከረ መተንፈስ ይከብደዋል። ስኳሩ ሲያልቅ ይደክማል፣ ሲደክም ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ካልጠባ ስኳር አያገኝም፣ ስኳር ከሌለው ሙቀት አይሠራም፣ እንዲህ እያለ አዙሪት ይሆንበታል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ብርዱ ሳይጠራ «መተንፈስ አቅቶት ሞተ» ወይም «ኢንፌክሽን ነው» የሚባለው። ብርዱ ከኋላ ሆኖ ሌላውን በሽታ ይገፋል።

ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚያመልጠው?

በአራት በር። ትልቁ እርጥበት ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዞ የሚውለው ለምንድነው? ሸክላው ውሃውን ወደ ውጭ ያልበዋል፣ ያ ላብ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከማህፀን የወጣ ልጅ እርጥብ ነው። ማህፀን ውስጥ 37 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ነበር፣ በአንድ ጊዜ 20 ዲግሪ ወዳለው ክፍል ወጣ፣ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ደግሞ መትነን ጀመረ። ካልደረቀ በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ብቻ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ደረቅ ጨርቅ ነው። ልጁን በደንብ ማድረቅ፣ እርጥቡን ጨርቅ ጥሎ በሌላ ደረቅ መሸፈን። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ሁለተኛው ጨርቅ ነው። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ልጅ የተሸፈነ ይመስላል እንጂ አልተሸፈነም።

ሁለተኛው ንክኪ ነው፦ ቀዝቃዛ ብረት ሚዛን፣ ፕላስቲክ አልጋ፣ የአዋላጇ ቀዝቃዛ እጅ። ሦስተኛው ነፋስ ነው። የተከፈተ በር፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣ የተሰበረ መስኮት። አራተኛው ትንሽ ይገርማል፤ ልጁ ሳይነካው እንኳ አጠገቡ ያለ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሙቀቱን ይወስድበታል። ምድጃ ርቀን ተቀምጠን ፊታችንን እንደሚያሞቀን ማለት ነው፣ ግን በተቃራኒው። እዚህ ምድጃው ልጁ ነው።

የማዋለጃ ክፍል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። እኛን ያልበናል። ለእሱ ልኩ ነው።

ታዲያ ወዲያው ይታጠብ የሚሉትስ?

ብዙ አያቶቻችን ልጅ እንደተወለደ በሞቀ ውሃ ካልታጠበ ልባቸው አያርፍም። ከፍቅር ነው፣ ንፁህ ይሁን ብለው ነው። የሚያዩት ነጭ ቅባት ግን ቆሻሻ አይደለም። ማህፀን ውስጥ ቆዳውን ሲጠብቅለት የቆየ ነው፣ ከወጣም በኋላ ይጠቅመዋል። ሞቃት ውሃም ቢሆን ልጁ ከውሃው ሲወጣ ያው እርጥብ ነው፣ የእንስራው ነገር እንደገና ይጀምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ነው። በባህል ምክንያት ካልተቻለ ደግሞ ቢያንስ 6 ሰዓት። ደሙን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ይህን ለእማማ የሚነግር ሰው በትህትና ቢነግራቸው ይሰማሉ፤ ልጁን ከማንም በላይ የሚሳሱለት እሳቸው ናቸውና።

ኢንኩቤተር እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

ኢንኩቤተር ያው ሙቀት የሚይዝ የመስታወት ሳጥን ነው። መነሻው ራሱ ሩቅ አይደለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ስቴፋን ታርኒዬ የሚባል የፓሪስ የማህፀን ሃኪም የጫጩት መፈልፈያ አይቶ ለጨቅላዎች የሚሆን አሠራ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ዘመናዊው ግን በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ማሽን ነው። መብራት ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ የሚጠግን ባለሙያ ይፈልጋል፣ በየልጁ መሃል በደንብ መፅዳት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል በእርዳታ የመጣው ማሽን ጥግ ላይ ይቆምና የጨርቅ ማስቀመጫ ይሆናል። ቦታ ሲጠብ ደግሞ ሁለትና ሦስት ልጅ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ የአንዱ ኢንፌክሽን ለሌላው ይተርፋል። መብራት ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ ዓለም ሁሉ ያየው በኅዳር 2023 ጋዛ ውስጥ ነው። አል ሺፋ ሆስፒታል ነዳጅ ሲያልቅበት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ልጆች ከኢንኩቤተር ወጥተው አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተደረደሩ። በሕይወት የቀሩት 31 ልጆች ከዚያ የወጡት ከቀናት በኋላ ነው።

ማሽኑ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በጣም ለታመመና መተንፈሻ እርዳታ ለሚያስፈልገው ልጅ ምትክ የለውም። ግን አብዛኞቹ የሚቀዘቅዙ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው።

ያለ መብራት የሚያሞቀው እቃ እንዴት ይሠራል?

በጣም የታወቀው ኢምብሬስ የሚባለው ነው። በ2007 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለክፍል ሥራ ጀመሩት፣ በ2011 ህንድ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ሲያዩት ትንሽ የመኝታ ከረጢት ነው። በጀርባው ኪስ አለ፣ ኪሱ ውስጥ ሰም መሰል ነገር የያዘ ከረጢት ይገባል። ሰሙ በማሞቂያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሞቅና ይቀልጣል፣ ከዚያ ሶኬቱ ይነቀላል። ለብዙ ሰዓታት ልጁን በ37 ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል።

እንዴት? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ዋናው ብልሃት ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድስት ጥዳችሁ ውሃ ብታፈሉ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው ከ92 አያልፍም። ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። የምትጨምሩት ሙቀት ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ያልቃል። ሰምም እንዲሁ ነው፣ ሲቀልጥ ሙቀት ይጠጣል፣ መልሶ ሲረጋ ደግሞ የጠጣውን ይሰጣል። እየረጋ እስካለ ድረስ ዲግሪው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አሁን በ37 ዲግሪ የሚረጋ ሰም ምረጡ። ቀልጦ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ይረጋል፣ እየረጋ ሳለ በትክክል የልጁን ልክ ሙቀት ይለቃል። ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ (ቴርሞስታት) የለ፣ ሽቦ የለ። የሙቅ ውሃ ጠርሙስ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቆይቶ ይቀዘቅዛል። ሰሙ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል።

ከኢምብሬስ ጋር አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ሠሪዎቹ ህንድ ገጠር ሄደው ሲያዩ አንዳንድ እናቶች የሃኪም መድኃኒት ይበረታል ብለው ግማሹን ብቻ ይሰጣሉ። የከረጢቱም ሙቀት በቁጥር ከታያቸው ዝቅ አድርገው ያሞቁታል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትተው ሲደርስ «ደህና ነው» ብቻ የሚል ምልክት አደረጉበት። እቃ ሲሠራ ሰውን ማየት እንዲህ ነው።

ሩዋንዳ ውስጥ የተሞከረ ሌላም አለ፣ በቦስተን የህፃናት ሆስፒታል ሃኪሞችና በአሜሪካ የበርክሌይ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች የተሠራ። እሱ ፍራሽ ነው። ሰሙን ለማቅለጥ መብራት እንኳ አያስፈልገውም፣ የፈላ ውሃ ይበቃዋል። ውሃ ማፍላት የማይችል ጤና ጣቢያ ደግሞ የለም። ማላዊ ውስጥ በበኩላቸው ከስር አምፖል የበራበት የእንጨት አልጋ በአካባቢው አናጢ አሠርተው ለዓመታት ተጠቅመዋል። መብራት ይፈልጋል፣ ግን አምፖሉ ሲቃጠል ማንም ይቀይረዋል።

ከሁሉ የረከሰው ግን ፌስታል ነው። ቀልድ አይደለም። ዛምቢያ፣ ሉሳካ ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች እንደወጡ ወዲያው ከአንገት በታች ንፁህ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገቡ፣ ጭንቅላታቸው ውጭ ሆኖ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲለኩ ከረጢት ውስጥ ከገቡት ከ100ው 59ኙ ልክ ሙቀት ላይ ነበሩ። በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን 33ቱ ብቻ። ፕላስቲኩ የሚያደርገው መትነኑን ማቆም ነው፣ የእንስራውን ላብ መዝጋት። ይህ ግን የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ፕላስቲክ ከጨቅላ ፊት አጠገብ መድረስ የለበትም።

የሚያሞቁ ሳይሆኑ የሚያስጠነቅቁ እቃዎችም አሉ። ህንድ ውስጥ የተሠራው ቤምፑ የሚባል የእጅ አምባር ልጁ ሲቀዘቅዝ ይጮኻል። ብብት ወይም ሆድ አካባቢ የሚለጠፍ ትንሽ ምልክትም አለ፣ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ይሆናል። ማንበብ ለማትችል እናትም ግልፅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ አለ?

አለ። የእናት ደረት።

በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሃኪም የኢንኩቤተር እጥረት ገጠማቸው። ስለዚህ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ደረት ጋር አሰሯቸው፣ እንደ ካንጋሮ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መሃል ቀጥ ብሎ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ከላይ በነጠላ ወይም በሌላ ጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ገላ ለገላ። በመሃል ልብስ ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለት ኪሎ በታች በተወለዱ ልጆች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2005 አሳትመዋል። በተለመደው መንገድ ከተያዙት ከ100ው 38ቱ ሲሞቱ፣ ቶሎ በካንጋሮ ከታቀፉት የሞቱት 22 ገደማ ናቸው። እስቲ ይህን ልዩነት አስቡት፣ የተጨመረው ማሽን የለም።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ጥያቄ «ልጁ እስኪረጋጋ መጠበቅ አለብን ወይስ ወዲያው?» የሚል ነበር። በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ልጆችን ያካተተው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት በ2021 መለሰው። ወዲያው የታቀፉት ላይ ሞት በ25 በመቶ ቀነሰ፤ ጥቅሙ ግልፅ ስለሆነ ጥናቱ ራሱ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። አሁን ምክሩ ያለ ጊዜው ወይም አነስ ብሎ የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፍ ነው።

24 ሰዓት ግን አንዲት አራስ ብቻዋን አትችለውም። በቀዶ ሕክምና ወልዳ ሊሆን ይችላል፣ ደም ፈሷት ሊሆን ይችላል፣ መተኛትም አለባት። ስለዚህ አባት ይቀበላል፣ አክስት ትቀበላለች። የወንድ ደረትም ያሞቃል። ሰሙ፣ ፍራሹ፣ ከረጢቱ የሚገቡትም እዚህ ላይ ነው። ደረት በማይገኝበት ሰዓት፣ በአምቡላንስ መንገድ፣ እናት ኦፕራሲዮን ክፍል ሳለች። ደረትን ለመተካት አልተሠሩም።

ቤት ውስጥ በምን እናውቃለን?

ቴርሞሜትር ካለ ብብቱን ለኩ። ከሌለ የእጃችሁን ጀርባ ተጠቀሙ፣ መዳፍ አይደለም። ሆዱንና የእግሩን መርገጫ ንኩ። ሁለቱም ከሞቁ ደህና ነው። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርዱ ጀምሮታል፤ ገላ ለገላ እቀፉት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ጡት አጥቡት። ጡት ሙቀት ነው፣ ማገዶው ከዚያ ነው የሚመጣው።

የፊቱ መልክ አያታላችሁ። በጣም የቀዘቀዘ ልጅ አንዳንዴ ጉንጩ ቀልቶ ያማረበት ይመስላል። ዝም ያለ፣ ለቅሶው የቀጠነ፣ ጡት መሳብ የተወ ልጅ «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» መባል የለበትም።

ከሰል አታስገቡ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ አራስ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የማይታይና የማይሸት መርዝ ይለቃል፣ እናቱንም ልጁንም በእንቅልፋቸው ይገድላል። በሃይላንድ የተሞላ ትኩስ ውሃ ከጎኑ ማስተኛትም ስስ ቆዳውን ያቃጥላል። ልብስ አንድ ወይም ሁለት ድርብ ከእናንተ በላይ ይበቃዋል፤ ከ37.5 በላይ መሞቅም ይጎዳዋል።

ሆዱም እግሩም ከቀዘቀዘ ግን ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም። ልብሱን አውልቃችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፣ በጋቢ ሸፍኑትና ወደ ጤና ተቋም ተነሱ። ታክሲም ይሁን አምቡላንስ፣ እስክትደርሱ ከደረታችሁ አይውረድ። ወረፋ ላይ «አስቀምጡትና ተመዝገቡ» ቢሏችሁም እንደታቀፋችሁት ተመዝገቡ።